ጋንጃ ይፈቀድ? ወሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋንጃ በሕግ ይፈቀድ፣ ቁጥጥር ይበጅለት፣ ግብር ይከፈልበት የሚለው ክርክር ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቡና ጨዋታ ከሆነ ቆይቷል። አባቶች ይቆጣሉ፣ ወጣቶች ካናዳን ይጠቅሳሉ፣ መሐል ላይ አንዱ «ጫታችንስ?» ይልና ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚነሡት ጥያቄዎች ናቸው። («ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።) ሕጉንና ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ የራሴን ሐሳብ ስናገር ደግሞ የራሴ መሆኑን ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ሕጉ ምን ይላል?

ክልክል ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ያበቀለ፣ ያመረተና ያዘዋወረን ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ካናቢስ፣ ማለትም የጋንጃ ተክል፣ የሚቆጠረው ከነዚሁ ዕፆች ተርታ ነው። መጠቀምም በዚያው አንቀጽ ሥር ወንጀል ስለሆነ «ለራሴ ነው የያዝኩት» ማለት ነፃ አያወጣም።

ሻሸመኔ ግን ተፈቅዷል ይባላል?

ተረት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከባሕር ማዶ ለሚመለሱ ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ፤ በኋላ ራስ ተፈሪያውያን መጥተው ሰፈሩበት። ለእነሱ ጋንጃ የአምልኮ አካል ነው። ሕጉ ግን ለማንም እምነት ብሎ የተወው ቀዳዳ የለም። ንጉሡ መሬት ሰጡ እንጂ የጋንጃ ፈቃድ አልሰጡም።

ተመድ ከአደገኛ ዕፆች ዝርዝር አውጥቶታል የሚሉን አሉ።

ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ ካናቢስን በሁለት ዝርዝር አስቀምጦት ነበር። ከሁለቱ እጅግ ጥብቅ ከሆነው ከአራተኛው ዝርዝር በዲሴምበር 2020 በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ወጥቷል። ይህም የሕክምና ጥቅም ሊኖረው ይችላል ለማለት ነው። በመጀመሪያው ዝርዝር ግን እስካሁን አለ፤ ስለዚህ ተመድ ለመዝናኛ ፈቀደው የሚለው አያስኬድም።

ጫት ተፈቅዶ ጋንጃ የሚከለከለው በምን ሒሳብ ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ ሕጉ የተጻፈው የጉዳት ሚዛን ተይዞ አይደለም። የ1961ዱን ስምምነት ያረቀቁት ሰዎች ካናቢስን በስሙ ጠርተው ከለከሉ፤ ጫትን አልጠሩትም። በኋላ፣ በ1971ዱ ስምምነት፣ ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ከጥብቆቹ ተርታ ገባ፤ ቅጠሉ ግን ከዝርዝሩ ውጪ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላለም። እንግሊዝ ደግሞ የራሷ አማካሪዎች አትከልክዪው ቢሏትም በ2014 ከለከለችው። ፖለቲካውና ሳይንሱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

በሥራቸውም ይለያያሉ። ካቲኖን ያነቃል፣ ያስወራል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚደክም ነው የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው። ጋንጃ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ በአንጻሩ ጊዜንና ርቀትን ያዛባል፣ የቅርብ ትዝታን ያደክማል፣ አንዳንዱን ያስቃል፣ አንዳንዱን ያስፈራል።

ወሎ ላይ ግን ከኬሚስትሪው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ልዩነት አለ። ጫት እዚህ አጥር ነበረው። ወዳጃ (የጋራ የጸሎት ስብሰባ) ሲደረግ፣ ዱአ ሲያዝ፣ መንዙማ ሲወጣ፣ ጫቱ በሽማግሌ ፊት፣ በዕጣንና በቡና መሐል፣ በሰዓቱ ይቀርብ ነበር። ማን ይቀመጣል፣ ማን ይመርቃል፣ መቼ ይነሣሉ የሚለው ሁሉ ሳይጻፍ የታወቀ ነው። ያ ሥርዓት ራሱ ተቆጣጣሪ ነበር። ያንን ሥርዓት አላሳምረውም፤ ብዙ ቤት የበተነ በርጫም አይተናል። ነገር ግን ወጣቱ ጫቱን ከወዳጃው ነጥሎ ወደ ኪራይ ክፍል ሲያስገባው፣ ማታ ላይ ደግሞ ለጨብሲ አረቄ ሲጨምርበት፣ አጥሩ ፈረሰ፤ በምትኩ የመንግሥት ሕግ አልመጣም። ጋንጃ ደግሞ ወሎ ውስጥ ከመጀመሪያውም አጥር የለውም። ሽማግሌ «ይበቃሃል» የሚልበት ወንበር የለም።

ጫት ላይ ግብር አለ አይደል? «ፈቅዶ፣ ተቆጣጥሮ፣ አስከፍሎ» የሚባለው እሱ ነዋ!

አይደለም፤ የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ጫት ላይ ሁለቱ ቃላት አሉ፣ መካከለኛው የለም። ተፈቅዷል፣ ይከፈልበታል፤ ቁጥጥር ግን የለውም።

በ2004 ዓ.ም የወጣው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኪሎ 5 ብር ጣለ። በክብደት የተተመነ ቋሚ ታክስ የብር አቅም ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ የአንድ እስር ጫት ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ ታክሱ እዚያው ነው። የሚሰበሰበውም በአብዛኛው መንገድ ላይ፣ ኬላ ላይ ነው። ኬላው የሚጠይቀው ስንት ኪሎ እንደተጫነ ነው። ጫቱ ላይ ምን መድኃኒት እንደተረጨ አይጠይቅም፤ ተመራማሪዎች ግን የኢትዮጵያ ጫት ላይ ዲዲቲ እስከ ማግኘት ደርሰዋል። ለማን እንደሚሸጥም አይጠይቅም።

ከትምባሆ ጋር አስተያዩት። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ አደረገ፣ አልኮልን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ ሲጋራ ላይ ከዋጋው 30 በመቶ፣ በፓኬት ደግሞ 8 ብር ተጨማሪ ኤክሳይዝ ተጣለ። ጫት ከነዚህ አንዱም አልደረሰበትም። የ21 ዓመቱ ገደብ ለትምባሆና ለአልኮል የተጻፈ ነው። የትምህርት ቤት ደብተር የያዘ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድ እስር ገዝቶ ቢሄድ ሻጩን የሚጠይቅ የፌዴራል ሕግ አላየሁም።

ገንዘቡስ? ወደ ጠቅላላው ካዝና ይገባል። ከጫት የሚገኘው ብር ተለይቶ ሐራራ (የጫት አምሮት) ይዞት፣ ዱካክ (የሌሊት ቅዠት) እያስጮኸው ለሚመጣ ሰው አንድ አልጋ የሚያዘጋጅበት አሠራር የለንም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

አንድ መንገድ የለም፤ «ውጭ አገር ተፈቅዷል» የሚለው ወሬ የሚያጠፋው ይህንን ነው።

ኡራጓይ በዲሴምበር 2013 ሙሉ ገበያውን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። አፈቃቀዷ ግን የነጋዴ ሳይሆን የመንግሥት ነው። ገዢው ይመዘገባል፣ ከሦስት መንገድ አንዱን ይመርጣል፤ በቤቱ እስከ 6 ተክል ያበቅላል፣ ወይም ክበብ ይገባል፣ ወይም በወር እስከ 40 ግራም ከፋርማሲ ይገዛል። ማስታወቂያ የለም፣ ዋጋውን መንግሥት ይወስናል፣ ጎብኚ አይገዛም።

የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ተቃራኒውን ያዘች። ሕዝቡ በ2012 ድምፅ ሰጠ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ሱቆቹ ተከፈቱ፣ ነጋዴው ማስታወቂያውንም ዓይነቱንም አበዛው፤ ከረሜላ ሳይቀር ተሠራበት። ካናዳ በ2018 በመሐል መንገድ ሄደች፤ ፈቀደች፣ ግን እሽጉን ማስዋብ ከለከለች። ጀርመን በኤፕሪል 2024 ለአዋቂ ሰው 25 ግራም መያዝና 3 ተክል ማብቀልን ፈቀደች፤ ሱቅ ግን አልከፈተችም።

ታይላንድን ለብቻዋ እዩአት። በ2022 ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣችው፤ የቁጥጥር ሕጉ ግን ሳይወጣ ቀረ። ሱቆች በየመንገዱ እንደ እንጉዳይ ፈሉ፣ ልጆች ገዙ፣ መንግሥት ደነገጠ፣ በ2025 ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም ተባለ። ፈቅዶ ቁጥጥሩን ለነገ ያሳደረ ምን እንደሚገጥመው የምታሳይ አገር እሷ ናት፤ እኛም ከጫት ጋር የኖርነው በዚሁ መንገድ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ አለች። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በ2018 አዋቂ ሰው በግል ቦታው ቢጠቀም ወንጀል አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ሕጉ በ2024 ተፈረመ። መሸጥ ግን ዛሬም ክልክል ነው።

መንግሥት ግን ብዙ ገንዘብ ያገኝበታል፤ ለደሴ መንገድ አይሆንም?

ኮሎራዶ 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ በ2021 ብቻ ከ420 ሚሊዮን ዶላር በላይ ታክስና ክፍያ ሰብስባለች። ከአምራች ላይ ከሚወሰደው ኤክሳይዝ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል ሕጉ አስሮታል። ይህ ያስቀናል። ነገር ግን ጎረቤት ግዛቶችም ሱቅ ሲከፍቱ ገቢው ወረደ፤ በ2023 ከ300 ሚሊዮን በታች ነበር።

ያ ሁሉ ገንዘብ የተሰበሰበው እያንዳንዷን ተክል በመለያ ቁጥር ከችግኝ እስከ ሱቅ በሚከታተል ሥርዓት ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝተን ደረሰኝ ለማግኘት በምንጨቃጨቅበት ገበያ ግራም የሚቆጠርበትን ታክስ ማን ይሰበስበዋል? ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም በጀት ዓመት ጫት ወደ ውጭ ልካ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። ከዚያ ውስጥ የሱስ ሕክምና የደረሰው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የጋንጃው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ያኔ ይገባችኋል።

ከተፈቀደ የጥቁር ገበያው አይጠፋም?

ይቀንሳል፣ አይጠፋም። ካሊፎርኒያ ከ2018 ጀምሮ በፈቃድ ትሸጣለች፤ ታክሱና የፈቃዱ ወጪ ስለከበደ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው ገበያ እስካሁን ግዙፍ ነው። ታክሱ ከበዛ ሰው ወደ ጓዳው ገበያ ይመለሳል፣ ካነሰ ርካሽ ሆኖ ይስፋፋል። ልኩን ለማግኘት ሕጉን በየጊዜው የሚያርም፣ የሚለካ፣ በጉቦ የማይሸጥ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። «የማይሸጥ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

መድኃኒት ነው ይባላል። ለሚጥል በሽታ ይሆናል?

ከተክሉ የወጣ አንድ መድኃኒት አለ፣ ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ያጸደቀው ለሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው። የተሠራው ተክሉ ውስጥ ካለው ሲቢዲ ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ከሚያሰክረው ከቲኤችሲ አይደለም። በካንሰር ሕክምና ለሚመጣ ማቅለሽለሽ የሚሰጥም አለ። እነዚህ መጠናቸው የታወቀ ጠርሙስና ክኒን ናቸው፤ ተጠቅልሎ የሚጨሰው ጋንጃ የልጅን መንቀጥቀጥ ያቆማል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አታድርጉት።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለዘመናት የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ገጠር ውስጥ ብዙ ታማሚ አያገኘውም፣ ወይም ከጠበልና ከሼህ ቤት ቀጥሎ እጅግ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሕክምና ካናቢስ ክርክር ከመነሣቱ በፊት ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ፌኖባርቢታል መኖሩን እንጠይቅ።

ያሳብዳል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

ለአብዛኛው ተጠቃሚ አያሳብድም። ለጥቂቱ ግን አደጋው እውነተኛ ነው፤ ያ ጥቂት ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። በ1987 የታተመ የስዊድን ጥናት ከ45,000 በላይ ምልምል ወታደሮችን 15 ዓመት ተከታትሎ፣ አብዝተው ይጠቀሙ የነበሩት ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ አገኘው። ያ ሁሉ በጋንጃው የመጣ ነው ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል፤ በወጣትነት መጀመር፣ በብዛት መጠቀምና በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም መኖር አደጋውን እንደሚጨምሩ ግን ባለሙያዎች ይስማማሉ። ከተጠቃሚዎች ከአሥር አንዱ ገደማ ጥገኛ ይሆናል፤ በአፍላ ዕድሜ ከጀመሩት ደግሞ ከስድስት አንዱ።

«ድሮም ነበረ፣ ማንን ገደለ?» ለሚሉ፦ የዛሬው የድሮው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከተያዘው ናሙና የቲኤችሲው መጠን በ1995 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2014 12 በመቶ ደረሰ።

ወሎ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ፣ በጩኸት የሚደነግጥ፣ ዝም ያለ ወጣት ቤቱ የሌለ የለም ማለት ይቀላል። ለእንደዚህ ያለ ልጅ ጋንጃው ለአንድ ማታ ያሳርፈው ይሆናል፤ ለዓመት ሲሆን ግን ፍርሃቱን ሊያጠነክርበት ይችላል። የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ባለሙያ ነው።

ገበሬያችን አምርቶ ወደ ውጭ ቢሸጠውስ?

ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና ካናቢስ ፈቃድ በመስጠት ከአፍሪካ ቀደመች፤ ዚምባብዌና ማላዊ ተከተሉ። ሌሶቶ ተራሮች ላይ ለዘመናት ያበቅሉት የነበሩት ድሆች ግን የፈቃዱን ክፍያ ስላልቻሉት ገበያው የባለ ካፒታሎች ሆነ። ሞሮኮ ሌላ አደረገች፤ በ2021 ባወጣችው ሕግ በሪፍ አካባቢ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያመርቱ ፈቀደች፣ ንጉሡም በኦገስት 2024 ካናቢስ በማብቀል የተከሰሱና የሚፈለጉ 4,831 ገበሬዎችን ማሩ።

የእኛ ገበሬ መሬቱ ጥማድና ሩብ ጥማድ ነው። ሐይቅ ዙሪያም ሆነ ቃሉ፣ ጤፍና ማሽላ የነበረበት ማሳ ወደ ጫት ሲዞር አይተናል፤ ምክንያቱም ጫት ይሸጣል። ጋንጃ ቢፈቀድና ቢወደድ ማሳው ይዞራል። የአገሩን የቆየ ረሀብ የሚያስታውስ ሰው ይህንን በቀላሉ አያየውም።

ሃይማኖቱስ?

ጫት ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አሉ። የሚያሰክር ነገር ላይ ግን ልዩነት የለም፣ ሐሺሽም ከዚያ ይቆጠራል። የኦርቶዶክስ አባቶች ጫቱንም ጋንጃውንም ይነቅፋሉ። ወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ማዕድ የሚቀመጥበት አገር ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ክርክር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ነው የሚቆመው።

ሹፌር ቢጠቀምስ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቲኤችሲ ፍሬን የመያዣን ቅጽበት ያዘገያል፤ ከአልኮል ጋር ሲሆን ይብሳል። መርማሪውም ይቸገራል፤ አልኮል በትንፋሽ ይለካል፣ ቲኤችሲ ግን ከሰከረበት ቀን በኋላ ለቀናትና ለሳምንታት በሽንት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ምርመራው ትናንት የተጠቀመውን ዛሬ ከሰከረው አይለይም።

ታዲያ አንተ ምን ትላለህ? ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?

ሽያጩ ዛሬ አይፈቀድ እላለሁ፤ ምክንያቴ ከዕፁ ይልቅ እኛ ነን። ጫት ላይ የዕድሜ ገደብ ያላወጣ፣ ቅጠሉን ያልመረመረ፣ ከታክሱ ለሕክምና ያልቀነሰ መንግሥት ጋንጃ ላይ ድንገት ጎበዝ ይሆናል ብዬ አላምንም። መጀመሪያ ጫትን በሕግ ይያዘው፤ ከተወሰነ ዕድሜ በታች አይሸጥ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ አይሸጥ፣ ታክሱ በዋጋው መቶኛ ይሁን፣ ከዚያም የታወቀ ድርሻ ለአእምሮ ሕክምና ይለይ። ይህ ከሠራ ያኔ ስለ ሌላው እንነጋገር።

እስሩን በተመለከተ ግን ከሕጉ ጋር አልስማማም። አንድ ጥቅል ይዞ የተገኘን የ19 ዓመት ልጅ ወንጀለኛ አድርጎ ማሠር ሱሱን አያድነውም፤ ወህኒ ቤት የባሰ ትምህርት ይሰጠዋል። ፖርቱጋል በ2001 መያዝን ከወንጀልነት አውጥታ፣ ሕገ ወጥነቱን ግን ሳታነሣ፣ ተጠቃሚውን ወደ ኮሚሽን ላከችው። እዚያ የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ይጠብቁታል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ መነጋገርን የለመደ አገር ይህን ለመቀበል የሚከብደው አይመስለኝም።

ወንድሜ ጋንጃ ይዞ ተያዘ። ምን እናድርግ?

አትደናገጡ፣ ለማንም ብር አትስጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ሊነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው ሊያውቅ፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። እንዲናዘዝ ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም። ጠበቃ ያዙለት፤ አቅም ከሌላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ወዲያው አቅርቡ፤ አያያዙም ቅጣቱም ይለያል። ቀድሞ በአእምሮ ሕመም ወይም በሱስ ታክሞ ከሆነ የሆስፒታሉን ካርድና ማስረጃ ለጠበቃው ስጡት፤ ለቅጣት ማቅለያ ሊያቀርበው ይችላል።